ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ፦ ጸሎትን አቋርጣ የነበረች የጸሎት መምህርት

«ኃጢአቴ ብዙ ነውና መጸለይ አይገባኝም» የሚል ቃል ደጋግመን እንሰማለን። አነጋገሩ ትሕትና ይመስላል። ቅድስት ተሬዛ ግን በዚህ ፈተና ራሷ ወድቃ ስለ ነበር ምንነቱን ገልጣ ጽፋልናለች።

ተሬዛ በስፔን አገር፣ በአቪላ፣ እ.ኤ.አ. በ1515 ዓ.ም. ተወለደች፤ በ1535 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ወደሚገኘው የቀርሜሎሳውያት ገዳም ገባች። ብዙም ሳይቆይ ጽኑ ሕመም ስላደረባት መቃብሯ እንኳ ተቆፍሮ ነበር። ነፍሷን የጎዳት ግን ሌላ ነው። እንግዳ በሚበዛበት በዚያ ገዳም ልቧ በከንቱ ጨዋታ ተከፈለ፤ እንዲህ እየኖሩ ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገር ድፍረት መስሏት ከአንድ ዓመት በላይ የኅሊና ጸሎትን ተወች። ይህን በኋላ በትሕትና ስም የመጣ የሰይጣን ማታለያ ብላዋለች። በእርግጥስ ሕመምተኛ ስለ ታመመ ከመድኃኒት ይሸሻልን?

ወደ ጸሎት ከተመለሰችም በኋላ ነገሩ አልቀለላትም። የጸሎቷ ጊዜ ቶሎ እንዲያልቅ እየተመኘች የሰዓቱን ደወል ታዳምጥ እንደ ነበር ሳትደብቅ ጽፋለች (ለቅዱሳን ጸሎት ሁልጊዜ የሚጣፍጥ ለሚመስለን ይህ ታላቅ መጽናኛ ነው)። በ1554 ዓ.ም. በቆሰለው ክርስቶስ ምስል ፊት ተደፍታ አለቀሰች፤ ሕይወቷም ተለወጠ። ከ1562 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕረፍቷ እስከ 1582 ዓ.ም. ድረስ 17 የደናግል ገዳማትን አቋቋመች። በ1970 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ የቤተ ክርስቲያን መምህርት ብለው ሰየሟት፤ ይህን ማዕረግ ከሴቶች ያገኘች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት።

በሕይወት ታሪኳ ውስጥ ነፍስን በአትክልት ቦታ፣ ጸሎትንም ውኃ በማጠጣት መስላዋለች። ውኃው አንድም ከጉድጓድ በባልዲ ይቀዳል፤ አንድም በመዘውር ይወጣል፤ አንድም ከወንዝ ይጠለፋል፤ አንድም ከሰማይ ይዘንባል። ስለ ዝናሙ፣ ማለት ስለ ተመስጦና ስለ ራእይ፣ የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ለመምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው ባልዲው ነው እላለሁ። ጀማሪ ክንዱ እስኪዝል ይቀዳል፤ አንዳንዴም ጉድጓዱ ደርቆ ባልዲው ባዶውን ይወጣል። በዚያን ጊዜ አትክልተኛው ሥራውን ትቶ አይሄድም፤ የአትክልቱ ባለቤት ጌታ ነውና፣ ድካሙንም ያያልና። ስለዚህ የጸሎት ጊዜያችሁን ልባችሁ ደረቅ በሆነበት ቀንም አታሳጥሩ።

ጸሎት እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? በ1577 ዓ.ም. በጻፈችው «ውስጣዊ ግንብ» በተባለው መጽሐፏ ተሬዛ መልሱን የሰጠችው በባልንጀራ ፍቅር ነው። በጸሎት ጣዕም ላይ ሳለሽ የታመመች እኅት ብታዪና ልትረጃት ብትችዪ፣ ጣዕሙ ይቅርብሽና ወደ እርሷ ሂጂ ስትል ደናግሉን ትመክራለች።