ጫጩት ሲፈለፈል፦ ደስታው ከጤና ጋር ይሁን



የፔሳህ ወራት ሲቃረብ ዝናቡ እየቀነሰ፣ ቀኑም እየረዘመ ይሄዳል። የቀኑ ብርሃን ሲረዝም ዶሮ እንቁላል መጣል ታበዛለች፤ አንዳንዷም ከእንቁላሏ ላይ አልነሳም ብላ ትታቀፋለች። በሞሻቭ ወይም ግቢ ባለው ቤት የምትኖሩ ይህን በየዓመቱ ታዩታላችሁ።

ብዙዎቻችሁ በአገር ቤት ሳላችሁ ዶሮ በጭድ ላይ አስታቅፋችሁ ጫጩት አሳድጋችኋል። ስለዚህ ስለ እርባታው ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው በዓይን ስለማይታየው ነገር ነው። ጫጩት ጤነኛ መስላ እየታየች፣ ሰውን የሚያሳምም ጀርም ልትይዝ ትችላለች።

ሃያ አንዱ ቀን

ጫጩት ለመፈልፈል 21 ቀን ያህል ይፈጅባታል። በ7ኛው ቀን ገደማ እንቁላሉን በጨለማ ክፍል በእጅ ባትሪ ብርሃን ብታዩት፣ ሕይወት ያለው ከሆነ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ። ዶሮዋ እንቁላሉን ራሷ ታገላብጣለች። በማሽን የሚያስፈለፍል ሰው ግን ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ አካባቢ ማድረግና እስከ 18ኛው ቀን ድረስ እንቁላሉን በቀን ብዙ ጊዜ ማገላበጥ አለበት።

ጫጩቷ ቅርፊቱን ከበሳች በኋላ እስክትወጣ አንድ ቀን ሊፈጅባት ይችላል። ልጆች «እንርዳት» ቢሉ፣ እንዲታገሡ ንገሯቸው። ቅርፊቱ ያለ ጊዜው ቢላጥ ጫጩቷ ደም ፈሷት ልትሞት ትችላለች። ከመውጣቷ በፊት የአስኳሉን ቅሪት ወደ ሆዷ ስለምታስገባ፣ በመጀመሪያው ቀን ባትበላም አትጎዳም።

በዓይን የማይታየው

ጀርሙ ሳልሞኔላ ይባላል። በዶሮና በጫጩት ኩስ ውስጥ ይገኛል፤ ከዚያም ወደ ላባቸው፣ ወደ እግራቸው፣ ወደ ውኃ መጠጫቸውና ወደ ጫማችን ይተላለፋል። ሕፃን ጫጩቷን ይዞ ጣቱን ወደ አፉ ሲያደርግ ጀርሙ ወደ ሆዱ ይገባል።

ይህ በሽታ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ አረጋውያንን፣ እርጉዞችንና ሰውነታቸው በሌላ በሽታ የደከመ ሰዎችን ነው። እስኪ አስቡት፦ በቤታችን ከጫጩቱ ሣጥን አጠገብ አብረው የሚቀመጡት አያትና የልጅ ልጅ አይደሉም? ስለዚህ ጥንቃቄው ለሁለቱም ነው።

ምን እናድርግ?

1. ጫጩት፣ እንቁላል ወይም የዶሮ ቤት ከነካን በኋላ ወዲያው እጃችንን በሳሙና 20 ሰኮንድ ያህል እንታጠብ።
2. ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጫጩቷን በዓይኑ ይያት እንጂ በእጁ አይያዛት። ትልልቆቹም አይሳሟት፣ ወደ ፊታቸውም አያስጠጓት።
3. የጫጩቶቹ ሣጥን ምግብ በሚዘጋጅበትና በሚበላበት ቦታ አይቀመጥ። ውኃ መጠጫቸውም በወጥ ቤት ገንዳ አይታጠብ።
4. ወደ ዶሮ ቤት የምንገባበት ጫማ ለብቻው ሆኖ ውጭ ይደር።
5. የግቢ እንቁላል በየቀኑ ተሰብስቦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ። የተሰነጠቀው ይጣል። ሲበስልም ነጩም አስኳሉም እስኪጠነክር ይብሰል።

ሰው ሲታመም

ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ምልክቶቹ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ናቸው። ብዙ ሰው ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይድናል፤ ዋናው ነገር ፈሳሽ መጠጣት ነው። ነገር ግን በሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ትኩሳቱ ከበረታ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ እንባ ካጣ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ፣ ሳትዘገዩ ወደ ቁፓት ሆሊም ሂዱ። በቤት ውስጥ ጫጩት እንዳለ ለሐኪሙ ንገሩ። ከሌላ ሕመም የተረፈ አንቲባዮቲክ አትስጡ።

ዶሮዎች በድንገት ቢሞቱ

እስራኤል ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ወፎች መንገድ ናት። የወፍ ጉንፋን በ2006 (እ.ኤ.አ.) በአገሪቱ የዶሮ እርባታዎች ተገኝቷል፤ በ2021 መጨረሻም በሁላ ሸለቆ በሺዎች የሚቆጠሩ የዱር ወፎች ሞተዋል። ስለዚህ የዶሮዎቻችሁን ምግብና ውኃ የዱር ወፍ በማይደርስበት ቦታ አኑሩ። በአጭር ጊዜ ብዙ ዶሮ ከሞተባችሁ በባዶ እጅ አትንኩ፣ አትረዱም፣ አትብሉም። ወደ ኢሪያ በ106 ደውላችሁ የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቁ። ዶሮ ማርባት በሰፈራችሁ የተፈቀደ መሆኑንም አስቀድማችሁ ከዚያው አረጋግጡ።

ከልጆች ጋር ተነጋገሩ

ልጆች የሐኪምን ወረቀት ባያነቡም የአያትን ቃል ይሰማሉ። አያት ዶሮ እንዴት እንደምትታቀፍ ስታስተምር «መጀመሪያ ሳሙና» ብትል፣ ልጁ ሁለቱንም ትምህርት አብሮ ይይዛል። ዛሬ ማታ እነዚህን ጠይቋቸው፦

— ጫጩቷ ራሷ እስክትወጣ ለምን እንጠብቃለን?
— ጤነኛ የምትመስል ጫጩት ለምን ልታሳምመን ትችላለች?
— ከነካናት በኋላ የመጀመሪያው ሥራችን ምንድን ነው?

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንደሚባለው፣ ጥንቃቄው ቀላል ነው። መልካም የጸደይ ወራት ይሁንላችሁ።