ትምህርት 11፦ የሯጭ ጅማት
(ምክንያትንና ውጤትን የሚገልጽ ድርሰት)

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ምክንያትን ከውጤት ጋር የሚያያይዙትን ቃላትም ልብ በሉ።

ምንባብ

በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ግርጌ ለሚሮጥ ወጣት ዳገት እንጂ ሜዳ እንደ ልብ አይገኝም። ዳገት ሲሮጥ ተረከዝ ዝቅ ስለሚል ባትን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት አብዝቶ ይወጠራል። ወደ ጅማት የሚደርሰው ደም ወደ ጡንቻ ከሚደርሰው ያነሰ ስለሆነ፣ ጅማት ከበዛ ሥራ ጋር የሚላመደው በዝግታ ነው። በዚህም የተነሣ ሯጩ ልምምዱን በአንድ ጊዜ ቢያበዛ፣ ጡንቻው ቢችለው እንኳ ጅማቱ ይጎዳል።

የጉዳቱ ምልክት አታላይ ነው። ጠዋት ከመኝታ ተነሥተው ሲራመዱ ጅማቱ ይገተራል፤ ያማልም። ሰውነት ሲሟሟቅ ግን ሕመሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ሯጮች የዳኑ መስሏቸው ይቀጥላሉ፤ በማግስቱ ሕመሙ ብሶ ይመለሳል።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ የቀደመው የተረከዙ ጅማት እየታመመ ነበር። ከድሉ በኋላ ግን ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክም የጅማቱ ሕመም ልምምዱን ስላስተጓጎለበት አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ድሉን ብቻ ያየ ሰው ሕመምን ችሎ መሮጥ ያዋጣል ይል ይሆናል፤ ዋጋውን ያየ ግን እንዲህ አይልም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ጨርሶ መተኛት አይደለም፤ ምክንያቱም ሥራ የፈታ ጅማት ይደክማል። ሩጫውን መቀነስ፣ ዳገቱን ለጊዜው መተው፣ በደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣቶች ቆሞ ተረከዝን በዝግታ ማውረድና ማንሣት ይጠቅማል። ይህም 12 ሳምንት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። የወጌሻ መታሸት ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም ጅማቱን አያጠነክረውም። ድንገት ጅማቱ እንደ መበጠስ ብሎ በጣት መቆም ካቃተ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያሻል።

ማስተዋያ፦ «ስለ» ከግስ ጋር ሲጣመር (ስለሚል፣ ስለሆነ) ምክንያትን ያመለክታል። «ስለዚህ» ግን በዐረፍተ ነገር መነሻ ገብቶ ውጤትን ያስከትላል።

መልመጃ

1. «ሰውነቱ ሲሟሟቅ ሕመሙ ቀነሰ» ማለት ጅማቱ ለመዳኑ ማስረጃ ይሆናልን? ለምን?
2. «ምክንያቱም» እና «በዚህም የተነሣ» የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ምክንያቱን ከውጤቱ ለዩ።
3. ሕመሙን ደብቆ ለውድድር ለሚዘጋጅ ጓደኛችሁ የሁለት አንቀጽ ደብዳቤ ጻፉ።