ልጁ ያቀረሻል፤ ሚዛኑስ ምን ይላል?

«ወንድ ልጄ 14 ሳምንቱ ነው፤ የምንኖረው ጋምቤላ ከተማ ነው። ከጡት ሌላ ቀምሶ አያውቅም። በጠባ ቁጥር ያቀረሻል፤ አንዳንዴም በአፍንጫው ይወጣል። ሲወለድ 3.1 ኪሎ ነበር፤ ለክትባት ስወስደው 5.8 ሆኗል። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ‹የወተት አለርጂ ነው፤ ወተት የሚባል አትቅመሺ› ትለኛለች። ከላሬ የመጡት አማቴ ደግሞ ‹ጡትሽ አልተስማማውም፤ የላም ወተት ይጠጣ› ይላሉ። የማንን ልስማ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ሚዛኑን ስሚ። በ14 ሳምንት 2.7 ኪሎ ጨመረ ማለት በቀን 27 ግራም ገደማ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ከ20 እስከ 30 ግራም የሚጨምር ልጅ ደህና ነው። ልብስ ላይ የፈሰሰ አንድ ማንኪያ ወተት ለዓይን የጡቱን ሁሉ ያህል ይመስላል፤ ሆድ ውስጥ የቀረውን የሚያውቀው ግን ሚዛን ነው። ማቅረሻቱ የሚመጣው በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል እንደ ቀለበት የሚዘጋው ጡንቻ ገና ስላልጠነከረ ነው። በዚያ ላይ ምግቡ ሁሉ ፈሳሽ፣ ውሎው በጀርባው ነው። በዚህ ዕድሜ ካሉ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ በየቀኑ ያቀረሻሉ፤ አራት ወር ገደማ ይብስባቸውና ዓመት ሲሞላቸው አብዛኞቹ ይተዋሉ። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ በራሱ ጊዜ የሚሻል ነገር ሲሻል፣ ያን ሰሞን የተደረገው ሁሉ መድኃኒት ይባላል። ወተት የተወችም፣ የልጇን እንጥል ያስቆረጠችም «ይኸው ተሻለው» ትላለች። (እንጥሉን ማንም እንዳይነካብሽ፤ ትርፉ መድማትና ማመርቀዝ ነው።)

የአክስትሽ ልጅ ግን ከሜዳ ተነሥታ አልተናገረችም። እናት ከጠጣችው የላም ወተት ጥቂት ፕሮቲን ወደ ጡቷ ያልፋል፤ ይህን እንደ ጠላት የሚዋጋ የሕፃን ሰውነትም አለ፤ ያ ልጅ ያስመልሳል፣ ይነጫነጫል። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት ሆድ ዕቃ ሐኪሞች ማኅበራት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ፣ በሌላ መንገድ ላልተሻለው ሕፃን የአሲድ መድኃኒት ከመስጠት በፊት የወተት ፕሮቲን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ተከልክሎ እንዲታይ መክረዋል። ነገር ግን ጡት ብቻ ከሚጠቡት አለርጂው የሚገኝባቸው ከ1,000 በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሲገኝም ማስመለሱ ብቻውን እምብዛም አይመጣም። ሰገራ ላይ የደም ክር፣ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ ጡት እየያዙ ማልቀስና መተው፣ ክብደት አለመጨመር አብረውት ይመጣሉ። ከጻፍሽልኝ ውስጥ አንዱም የለም።

«ለጥንቃቄ ብተወውስ ምን ይጎዳኛል?» ትዪ ይሆናል። ከብት ባለበት ቤት ወተት የአራሷ ዋና ምግብ ነው፤ እሱን አውጥቶ ምትኩን ሳያስገቡ መቆየት የሚጎዳው አንቺን ነው። ምልክቶቹ ከታዩና ጤና ባለሙያ ካዘዘሽ ግን በሙሉ ልብ አድርጊው፦ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ ቅቤ ለ2 እስከ 4 ሳምንት ይቅር፤ የፍየልም አይተካም፣ ፕሮቲኑ ይመሳሰላልና። በምትኩ የባሮ ዓሣና ባቄላ ይኑር። ከዚያ መልሰሽ ቅመሺ። ስትተዪ ተሽሎት፣ ስትመልሺ ከተመለሰበት አለርጂ ነው። ብዙዎች ይህን መልሶ መቅመስ ይረሱታልና ያለ ፍቺ ጾመው ይቀራሉ። ነገርን ከጾም ካነሣን፣ ልጁ ከተወለደ ወዲህ ፍልሰታን ወይም ሁዳዴን ጾመሽ ከሆነና ማቅረሻቱ እንደዚያው ከነበረ፣ የሙከራው ግማሽ ሳታውቂው አልቋል።

ማቅረሻቱ እስኪተወው ድረስ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት አጥቢው፤ ካጠባሽ በኋላ አስገሺው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና አድርገሽ ያዢው፤ ሲተኛ ግን በጀርባው ይሁን። የአየሩ ሙቀት 40 ዲግሪ ቢነካም ውኃ አያሻውም። አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ቢያስመልስ፣ ትውከቱ እየተወረወረ ቢወጣ፣ ሆዱ ቢነፋ፣ ጡት እምቢ ቢል ወይም ሽንቱ ቢቀንስ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ትኩሳት ከትውከት ጋር ከመጣ፣ በጋምቤላ ወባ ሳይመረመር «ማቅረሻት ነው» ተብሎ አይታደርም።

አማትሽን በተመለከተ፣ ወተት ለልጅ መስጠት በእሳቸው ዘንድ ፍቅር ነውና በንቀት አትመልሺላቸው። ሆኖም ዓመት ላልሞላው ልጅ የላም ወተት ብረት ያንሰዋል፣ ኩላሊቱን ያደክማል፣ አንጀቱንም ሳይታይ ሊያደማ ይችላል፤ ያልፈላ ከሆነ ደግሞ ተቅማጥና ሌላም በሽታ ያመጣል። እንዳጋጣሚ የአክስትሽ ልጅ ግምት እውነት ቢሆን እንኳ፣ የአማትሽ ምክር መርዙን በቀጥታ ማጠጣት ይሆናል። እንዲህ በያቸው፦ «እናቴ፣ ወተቱን አፍልተው ለእኔ ይስጡኝ፤ በእኔ በኩል ይደርሰዋል።»