ዓሣ ለምን ወደ መብራት ይመጣል?
(በጾመ ሐዋርያት የሚነበብ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 ጾመ ሐዋርያት ሕዝባችን «የሰኔ ጾም» የሚለው ነው። አንዳንዱ ደግሞ «የቄስ ጾም» ይለውና ለካህናት ትቶት ያልፋል። እውነቱ ግን ከ7ቱ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ መሆኑ ነው፤ ካህኑንም ምእመኑንም እኩል ይመለከታል። ከበዓለ ጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ ይጀምርና የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ በዓል በሚውልበት በሐምሌ 5 ይፈታል። መግቢያው ከትንሣኤ በዓል ጋር ከፍና ዝቅ ስለሚል ሲረዝም 49፣ ሲያጥር 15 ቀን ይሆናል። ቅዱሳን ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስን ከተቀበሉ በኋላ ለስብከት ከመሰማራታቸው በፊት የጾሙት ነው። ከእነርሱም ጴጥሮስና እንድርያስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። እንግዲህ የዓሣ አጥማጆች ጾም ከሆነ፣ ስለ ሥራቸው ጥቂት ብናውቅ ወንጌሉ ይበልጥ ይገባናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ጋር በዝዋይ ሐይቅ ደሴት የምትገኘውን ደብረ ጽዮን ማርያምን ልንሳለም ሄደን ነበር። ከአዲስ አበባ በቃሊቲ ሲወጣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስንደርስ መሽቶ ስለነበር ደሴቱን ለነገ ትተን ከተማው አደርን። ከእራት በኋላ ሐይቁ ዳር ወርደን ስንዘምር፣ ራቅ ብሎ በውኃው ላይ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ሌላ ቦታ ትታያለች። ከመካከላችን አንዷ እኅት «ምንድን ነው እሱ?» ብላ ደንግጣ ነበር። ሲነጋ መረባቸውን ይዘው የተመለሱ አንድ አዛውንት አገኘንና ጠየቅናቸው።

«አባባ፣ ሌሊት የሚሠሩት ለምንድን ነው?»

«ልጄ፣ ዓሣ ቀን ቀን ዓይን አለው እኮ! መረቡን ካየ ይሸሻል። ማታ ጥለንለት እናድርና ንጋት ላይ እናነሣዋለን።»

«መብራቱስ?»

«መብራቱ ለእኛ ነው፣ ለዓሣው አይደለም። መረባችንን የምንለይበት፣ ጉማሬ እንዳይመጣብን የምናይበት ባትሪ ነው።»

ይህን የአዛውንቱን ቃል ያዙልኝ። ዓሣ አጥማጅ የሚሠራው ሌሊት ነው፤ ቀን ዓሣው መረቡን ያየዋልና።

ሌላ ሀገር ግን መብራቱ ለዓሣው ነው። ታንዛኒያ፣ ብሩንዲ፣ ኮንጎና ዛምቢያ በሚዋሰኑበት በታንጋኒካ ሐይቅ፣ እንዲሁም በቪክቶሪያ ሐይቅ፣ አጥማጆች ጨለማ ሲሆን በትናንሽ ጀልባ ይወጣሉ። ድሮ በነጭ ጋዝ የሚነድ ማሾ ነበር የሚይዙት፤ አሁን ብዙዎቹ በፀሐይ የተሞላ የባትሪ አምፖል ይጠቀማሉ። መብራቱን በውኃው ላይ አብርተው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። በመጀመሪያ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ነፍሳት ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ። እነርሱን ሊበላ ትንሹ ዓሣ ይመጣል፤ ታንዛኒያዎች ዳጋ የሚሉት ጣት የማያህል ዓሣ ነው። እርሱን ሊበላ ደግሞ ከእርሱ የሚበልጠው ይከተላል። ሁሉም በብርሃኑ ክብ ውስጥ ሲሞሉ መረቡ ከሥር ይነሣል። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ማንንም አላባረሩ፣ ማንንም አላስፈራሩ። መብራት አበሩ፣ በቃ።

ታዲያ ዓሣውን ምን ያዘው? መብራቱ ብቻ አይደለም። ሆዱን ተከትሎ ነው የመጣው። በብርሃኑ ውስጥ የሚበላ አለና መጣ፤ መብራቱን ማን አበራው፣ ለምንስ አበራው ብሎ አልጠየቀም። እንደ ቀልድ ብንናገረው፣ ያን ሌሊት የጾመ ዓሣ ቢኖር ኖሮ መረቡ አያገኘውም ነበር።

እግረ መንገዴን፣ ዓሣ ከተነሣ ዘንድ ሁልጊዜ የሚመጣውን ጥያቄ ልመልስ። «ዓሣ የጾም ነው አይደል?» የሚል ሰው በየሰፈሩ አለ፤ በጾም ወራት የዓሣ ገበያ የሚደራውም ለዚህ ነው። አባቶቻችን የሚያስተምሩን ግን ዓሣም እንደ ሥጋው ሁሉ በጾም እንደማይበላ ነው። ሕመም ወይም ሌላ ችግር ያለበት ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ይማከር፤ ምግብ ቤት «የጾም» ብሎ የለጠፈው ወረቀት ግን ንስሐ አባት አይደለም።

ወደ ወንጌሉ እንመለስ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቅዱስ ጴጥሮስና ባልንጀሮቹ በጌንሳሬጥ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው አንድም ሳይዙ ነጋባቸው። መረባቸውን እያጠቡ ሳለ ጌታችን መጥቶ ወደ ጥልቁ ፈቀቅ ብለው መረቡን እንዲጥሉ አዘዛቸው። የዝዋዩን አዛውንት ቃል እዚህ ላይ አስታውሱ። ፀሐይ ወጥቷል፤ ዓሣው መረቡን ያያል፤ መረቡ ታጥቧል፤ እነርሱም እንቅልፍ አላገኙም። ከሙያ አንጻር ጴጥሮስ «ይህ እንኳ አይሆንም» ቢል ትክክል ነበር። እርሱ ግን ድካሙን ተናገረና በቃልህ እጥላለሁ አለ። ያን ቀን መረቡ እስኪቀደድ ድረስ ሞላ። ጌታም ከዛሬ ጀምሮ ሰውን ታጠምዳለህ አለው። ቅዱስ ሉቃስ በጽርዕ የጻፈው ቃል ትርጉሙ «በሕይወት መያዝ» ነው። ዓሣ የሚያዘው ሊሞት ነው፤ ሐዋርያት የሚይዙት ሰው ግን በሕይወት እንዲኖር ነው። በዚህ የመብራት ጠባይ ይለያል። አንዱ ብርሃን የሚበራው ሊበላህ ነው፤ ሌላው ሊያኖርህ።

ሁለተኛው ሌሊት በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ያለው ነው። ከትንሣኤ በኋላ 7 ደቀ መዛሙርት በጥብርያዶስ ባሕር ወጡ፤ ያን ሌሊትም ምንም አላገኙም። ሲነጋ ጌታ በዳር ቆሞ ነበር፤ አላወቁትም። መረቡን በቀኝ እንዲጥሉ ነገራቸው፤ 153 ትልልቅ ዓሣ ወጣ፤ መረቡም አልተቀደደም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዓሣውን ቆጥሮ ያልፋል። እኔን ግን የሚገርመኝ ወደ ዳር ሲወጡ ያዩት ነገር ነው። ፍም ተነድዶ፣ ዓሣ ተደርጎበት፣ እንጀራም ተዘጋጅቶ ነበር። እነርሱ የያዙትን ሳያመጡ በፊት ዓሣው እዚያ አለ! ጌታ የእነርሱን ዓሣ አልፈለገም፤ እነርሱን ነበር የፈለገው።

ጴጥሮስ ያን ፍም ሲያይ ምን ተሰምቶት ይሆን? ከጥቂት ቀናት በፊት በሊቀ ካህናቱ ግቢ ሌላ የፍም እሳት ነበር (ዮሐ. 18፥18)። ብርድ ነበርና ሊሞቅ ተጠጋ። ክፉ ነገር ፈልጎ አልነበረም፤ የበረደው ሰው እሳት ሲያይ ምን ያድርግ? ግን ያን እሳት ያነደዱት የጌታ አሳሪዎች ነበሩ፣ በዙሪያውም ከእነርሱ ጋር ቆሞ ሦስት ጊዜ ካደ። የሌሊቱ እሳት ትልቁን ዓሣ አጥማጅ ራሱን አጠመደው። በባሕሩ ዳር ደግሞ በሌላ ፍም አጠገብ ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ተብሎ ተጠየቀ። እሳትና እሳት ነው፤ ልዩነቱ ያነደደው ማን እንደሆነ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ሰይጣን ራሱን እንደ ብርሃን መልአክ እንደሚለውጥ የጻፈልን ለዚህ ነው (2ቆሮ. 11፥14)።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ የስልክ ስም ነው፤ ንፋስ ስልክ የተባለው ያለ ሽቦ በነፋስ ድምፅ ከሚያስተላልፈው ጣቢያ ነው። ዛሬ ያ ጣቢያ በየኪሳችን ገብቷል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ብታልፉ አምፖሉ ጠፍቶ በየመስኮቱ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ይታያችኋል። በየክፍሉ አንዳንድ ሰው በአንዳንድ መብራት ላይ አጎንብሷል።

እኔም አንዱ ነኝ። ባለፈው ዓመት በዚሁ ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ በማግሥቱ የቅዳሴ ተረኛ ስለነበርሁ ምስባኩን ላጠና ስልኬን ከፈትሁ። ምስባኩን አገኘሁት። ከሥሩ መዝሙር ነበር፤ ከመዝሙሩ ሥር የሁለት ሰዎች ክርክር፤ ከክርክሩ ሥር ስድብ፤ ከስድቡ ሥር ለዲያቆን ቀርቶ ለማንም የማይሆን ነገር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? ቀና ስል 8 ሰዓት ሆኗል። ደወሉን አልሰማሁም። ልዑካኑ 5 ካልሆኑ ቅዳሴ አይገባም፤ እነርሱ 4 ሆነው ቆመው ጠበቁኝ። እየሮጥሁ ስገባ አንዲት እናት በደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጣ ሕፃኗን ታባብላለች። ሊያቆርቡት አምጥተውት ስለነበር ከሌሊት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም፤ ድምፁ እስኪዘጋ አልቅሷል። ቄሱ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ልብስህን ልበስ» ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ ስለ እነዚያ ሐይቆች አጥማጆች ያወቅሁት አንድ ነገር አጽናናኝ። ጨረቃ ስትሞላ ሥራ ያቆማሉ። ጨረቃዋ ሐይቁን ሁሉ ስታበራው የጀልባው መብራት ጉልበት ያጣል፤ ዓሣውም አይሰበሰብለትም። መብራቱን ማንም አላጠፋውም። ትልቅ ብርሃን ከላይ ስለመጣ ብቻ ትንሹ መሳብ ተሳነው። ጨረቃ ብርሃኗን ከፀሐይ እንደምትቀበል ቤተ ክርስቲያንም ከክርስቶስ ትቀበላለች። ስለዚህ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ በዚህ ጾም «ስልክ አልነካም» ብላችሁ ከመብራቱ ጋር ብቻ ግብግብ አትግጠሙ። ይህን እኔ ሞክሬ 3 ቀን አልቆየሁበትም። ይልቅ ሌሊቱን ሙሉት። ከመኝታ በፊት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሱ፤ ጧፍ ካላችሁ አብሩ፤ ዮሐንስ 21ን ከቤተሰብ ጋር አንብቡና ልጆቹን «ፍሙን ማን አነደደው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። እስከ 9 ሰዓት የጾማችሁትን ቀን ማታ በስልክ አትፍቱት። ሌሊቱን ደክማችሁ ምንም ያልያዛችሁ ቢመስላችሁ፣ ጴጥሮስም ሁለት ጊዜ እንደዚያ አድሯል።

የእኔ ስልክ አሁን የሚያድረው እናቴ ክፍል ነው። እሑድ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እዚያ ይጮኻል፤ እርሷ መጀመሪያ ትነሣና በሩን ታንኳኳለች። ያች ሕፃን ያቀፈች እናትም ደጀ ሰላሙ ላይ ስታገኘኝ «ዲያቆን፣ ዛሬ ቀደምኸን!» ትለኛለች። ልጁ አድጓል፣ አሁን በእግሩ ይመጣል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።