ኃይል ሲቋረጥ የማይጠፋ ማህደረ ትውስታ በአነስተኛ ኮምፒውተሮች ንድፍ፦ የጽሕፈት ዑደትና የመረጃ ደኅንነት

መግቢያ

በማይክሮኮንትሮለር የሚሠራ የመለኪያ መሣሪያ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የሰበሰበውን ንባብ ይዞ መቆየት ይጠበቅበታል። ለዚህ የሚውለው ቺፕ ብዙ ጊዜ በይዘቱና በዋጋው ይመረጣል። ሆኖም የመሣሪያውን ዕድሜ የሚወስኑት የጽሕፈት ዑደት ብዛትና ጽሕፈቱ የሚፈጀው ጊዜ ናቸው።

የቺፖቹ ጠባይ

ኢኢፕሮምና ፍላሽ መረጃን የሚይዙት በአብዛኛው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ንብርብር በተከበበ ጌት ላይ ኤሌክትሮኖችን በማጠራቀም ነው። እያንዳንዱ ጽሕፈት ንብርብሩን ስለሚያደክም ዑደቱ ውሱን ነው። ኢኢፕሮም ባይት በባይት ሊታደስ ይችላል፤ ፍላሽ ግን ዳግም ከመጻፉ በፊት ሙሉ ክፍሉ፣ በብዙ የኖር ፍላሽ ቺፖች 4 ኪሎባይት፣ መደምሰስ አለበት። ኤፍራም በኤሌክትሪክ መስክ የሚገለበጥ ክሪስታል ስለሚጠቀም ያለ መዘግየት ይጽፋል፤ ዑደቱም 10 ቢሊዮንና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በአንጻሩ ለእኩል ይዘት ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

የዕድሜ ስሌት

አትሜጋ 328ፒ 1 ኪሎባይት ኢኢፕሮም ሲኖረው፣ የተሰጠው ገደብ 100,000 ዑደት ነው። በየደቂቃው በአንድ አድራሻ ቢጻፍ በቀን 1,440 ዑደት ስለሚሆን ገደቡ በ69 ቀን ይሞላል። ባለ 16 ባይት መዝገብ በ64 ቦታዎች ላይ በዙር ቢጻፍ ግን ዕድሜው ወደ 12 ዓመት ይራዘማል።

የቅርቡን መዝገብ የሚያመለክት ጠቋሚ በቋሚ አድራሻ ቢቀመጥ ያ አድራሻ ራሱ በ69 ቀን ገደቡን ስለሚሞላ የማከፋፈሉ ጥቅም ይቀራል። ስለዚህ ተከታታይ ቁጥሩ በየመዝገቡ ውስጥ መግባት አለበት። ለቁጥሩ 2 ባይት ብቻ ቢመደብ በ45 ቀን ገደማ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ 4 ባይት ይበጃል።

የኃይል መቋረጥ

አንድ ባይት ለመጻፍ 3.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅ፣ አንድ መዝገብ 53 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈልጋል። በዚህ መካከል ኃይል ቢቋረጥ መዝገቡ ጎዶሎ ይሆናል። የማረጋገጫ ድምሩ በመጨረሻ ከተጻፈ፣ መሣሪያው ዳግም ሲነሣ ድምሩ ያልገጠመውን መዝገብ ትቶ የቀደመውን ይወስዳል። በተጨማሪም 10 ሚሊአምፔር የሚስብ ሰርኪዩት ቮልቴጁ በ2 ቮልት እስኪወርድ ጽሕፈቱን እንዲጨርስ 265 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያስፈልገዋል፤ የካፓሲተር አቅም በእርጅና ስለሚቀንስ 470 መምረጥ ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

በየደቂቃው ለሚመዘግብ መሣሪያ በዙር የሚጻፍ ኢኢፕሮም ይበቃል። ምዝገባው በየሰከንዱ ከሆነ ግን 12 ዓመቱ ወደ 74 ቀን ያጥራል፤ ያን ጊዜ የኤፍራም ተጨማሪ ዋጋ ተገቢ ወጪ ይሆናል።