ስለ ወፎች ምንቃርና ስለ ጣና ዓሦች

ባለፈው የባዮሎጂ ፈተና «የወፍ ምንቃር እንዴት ሊረዝም ቻለ?» ለሚለው ጥያቄ «ስለሚያስፈልጋት አረዘመችው» ብዬ ጽፌ ባዶ አገኘሁ። እውነቱን ለመናገር፥ ፍርድ የተጓደለብኝ መስሎኝ አኵርፌ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት አስተማሪያችን ሠላሳ ተማሪዎችን ወደ ግቢው ሣር አውጥተው ወፎች አደረጉን። ለአሥራችን ማንኪያ፥ ለአሥሩ ወረንጦ፥ ለቀሩት አሥር የልብስ መቆንጠጫ ታደለ፤ ምንቃራችን ይኸው ነው። ከዚያም ሽምብራና ሩዝ ተበተነ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሃያ ፍሬ ያልለቀመ በረኃብ ይሞታል፤ የሞተውም ከተረፉት የአንዱ ልጅ ሆኖ ይመለስና የወላጁን ዐይነት ምንቃር ይይዛል።

በመጀመሪያው ዙር ሽምብራው ብዙ ስለ ነበረ እኛ ባለማንኪያዎች ጠገብን፥ ጥቂትም ኰራን። በሁለተኛው ግን «ድርቅ ገባ» ተብሎ ሽምብራው ተለቀመና ሩዙ ብቻ በሣሩ ውስጥ ቀረ። እኔ አራት ፍሬ አግኝቼ ሞትኩ። ማንኪያዬን ላጣምመው ብዬ ብለምናቸው «ወፍ ምንቃሯን ታጣምማለችን?» ብለው ከለከሉኝ። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ስንቈጠር ባለወረንጦ 19፥ ባለመቆንጠጫ 9፥ ባለማንኪያ 2 ሆንን። አንድም ማንኪያ አልጠበበም፤ የተለወጠው የያዦቹ ቍጥር ነው። እኔም በፈተናው የሳትኩት ይኸንኑ ነበር።

በጋላፓጎስ ደሴቶችም እ.ኤ.አ. በ1977 እንዲህ ያለ ድርቅ ሆኗል። በዚያ ግን ያለቀው ደቃቁ ዘር ስለ ነበር፥ ጠንካራውን ዘር መስበር የሚችሉት ባለወፍራም ምንቃር ወፎች ይበልጥ ተረፉ፤ ልጆቻቸውም እነርሱኑ መሰሉ። ይህንንም ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ለክተው አስረድተዋል።

ሁለቱ ማንኪያዎች እንዴት ተረፉ ቢባል፥ ሣር በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ይለቅሙ ስለ ነበር ነው። ቦታው ሲለይ የሚጠቅመውም አፍ ይለያል። ለዚህ ደግሞ ጣናችን ከጋላፓጎስ አያንስም። ነጭ ዓሣ ወይም ባርበስ የምንለው አንድ ዓሣ ይመስለናል እንጂ በሐይቁ ውስጥ 15 ያህል ዝርያ አለው። ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ሊወጣ አይችልም፤ እነዚህም ለብቻቸው በጥልቁና በዳር፥ በድንጋዩና በደለሉ እየተለያዩ ኖሩ። የሚያስደንቀው፥ መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፤ ጥርሳቸው በጕሮሯቸው ውስጥ ነው። እንዲህም ሆኖ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው።

ቅዳሜ ከአስጋሪዎች ሁለት ነጭ ዓሣ ገዝቼ አፋቸውን ከፈትኩ። የአንዱ አፍ ጠባብና ወደ ታች የዞረ፥ የሁለተኛው ሰፊና ወደ ላይ የተከፈተ ነበር። እናቴ «ዓሣ እንደ በቅሎ አፉ እየታየ ይገዛልን?» ብላ ሳቀችና ሁለቱንም ጠበሰቻቸው።