ወደማይታወቅ የደጋ ወንዝ የሚደረግ የመጀመሪያ የመንጠቆ ጉዞ

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ
ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋማ ወረዳዎች

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው በዋግ ኽምራ ስለ ዓሣ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታሰበው ተከዜ ነው። የተከዜ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ ቆላዎች ሰፊ ውኃ ተኝቷል። ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ቆረሶና አምባዛ በመረብ ማስገር የጀመሩትም ከዚያ ወዲህ ነው። ከሰቆጣ፣ ከጋዝጊብላና ከድሃና ከፍታዎች እየተነሱ ወደ ጽራሬና ወደ ተከዜ የሚወርዱት ወንዞች ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ።

ከማኅበራት ጋር ስንነጋገር አንድ ጥያቄ ይነሳል። ይኸውም፣ «በባሌ ተራሮች ትራውት የሚባል ዓሣ በወንዝ ተለቅቆ ይኖራል ይባላል፤ ለእኛ ወንዞችስ ለምን አይለቀቅም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በግምት ሳይሆን በልኬት መመለስ አለበት። ለመመለስም ወንዙን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው አንድ የልማት ሠራተኛ ከማኅበሩ አባላት ጋር ወደማያውቀው የደጋ ወንዝ መንጠቆ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄድ ምን ማየት፣ ምን መለካትና ምን መተው እንደሚገባው ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ዓላማ ወንዙን ማወቅ እንጂ ቅርጫት መሙላት አለመሆኑ ከወዲሁ ሊታወቅ ይገባል።

2. ትራውት ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ትራውት የአገራችን ዓሣ አይደለም። ቡናማው ትራውት ከአውሮፓ፣ ቀስተ ደመና ትራውት ደግሞ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዙሪያ ካሉት የሰሜን አሜሪካና የእስያ ወንዞች የመጡ ናቸው። ኬንያ ቡናማውን ትራውት እ.ኤ.አ. በ1905 ከስኮትላንድ አስመጥታ በተራራ ወንዞቿ ለቀቀች። ወደ አገራችን የባሌ ተራሮች፣ ለምሳሌ ወደ ዌብና ወደ ዳንካ ወንዞች፣ የመጣውም ከኬንያ ነው።

ትራውት ለመኖር የሚከተሉት ሁኔታዎች ያስፈልጉታል።

ሀ/ ዓመቱን በሙሉ ቀዝቃዛ የሆነ ውኃ። ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል፤ ከ20 ዲግሪ በላይ ይጨነቃል፤ ወደ 25 ዲግሪ ሲደርስ ይሞታል።

ለ/ ብዙ ኦክስጅን ያለበት የማይቋረጥ ፍሰት።

ሐ/ እንቁላሉን የሚቀብርበት ንጹሕ ጠጠር። ደለል ጠጠሩን ከሸፈነው እንቁላሉ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ባሌ እነዚህን ሁኔታዎች ያሟላል። የሳነቴ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። የዝናቡ ወራት ረጅም ናቸው። ረግረጉና ምንጩም ያጠራቀመውን ውኃ በበጋ ቀስ በቀስ ይለቃል። የዋግ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። ዝናቡ በአመዛኙ በሐምሌና በነሐሴ ይወርድና ያቆማል። ተራራው የተራቆተ በመሆኑ ጎርፉ አፈር ይዞ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ከኅዳር በኋላ ብዙዎቹ ወንዞች ወደ ተቆራረጡ ኩሬዎች ይለወጣሉ።

3. የሰው ሠራሽ ዝንብ አሠራር

ትራውት በሚጠመድባቸው አገሮች በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ጠምጥሞ የውኃ ነፍሳት ማስመሰል ነው። በትል ማጥመድ ከዚህ የሚለይበት ምክንያት አለ። በትል ሲጠመድ ክሩን ወደ ውኃው የሚጎትተው የእርሳሱ ክብደት ነው። ሰው ሠራሹ ዝንብ ግን ክብደት የለውም። ስለዚህ ወፍራም፣ ክብደት ያለው ክር ይዘጋጅና በተጣጣፊ ዘንግ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተወነጨፈ ዝንቡን ይዞ ይሄዳል። በወፍራሙ ክርና በዝንቡ መካከል ዓሣው እንዳያየው ቀጭን የናይለን ክር ይገባል።

ይህ ዘዴ የውኃ ነፍሳትን ማወቅ ግድ ስለሚያደርግ ለሥራችን ትምህርት አለው። አጥማጁ መንጠቆ ከመጣሉ በፊት ድንጋይ ገልብጦ በሥሩ የተጣበቁትን እጮች ያያል። ሦስት ክር መሰል ጭራ ያላቸው ጠፍጣፋ እጮችና ከአሸዋ ቅንጣት ቤት ሠርተው የሚኖሩ ትሎች ከተገኙ ውኃው ንጹሕና አየር ያለው ለመሆኑ ምልክት ነው። ቀያይ ቀጫጭን ትሎች ብቻ ከተገኙ ግን ውኃው በቆሻሻ ወይም በአየር እጥረት የተጎዳ ነው።

የተገዛ ዘንግ ለሌለው ማኅበር ረጅም ሸንበቆ፣ የናይለን ክርና ትንሽ መንጠቆ ይበቃል። ፌንጣ ወይም ከድንጋይ ሥር የተለቀመ እጭ ማባበያ ይሆናል።

4. ከጉዞው በፊት መደረግ ያለበት

ሀ/ የወረዳውንና የቀበሌውን አስተዳደር ማስፈቀድ፤ ስለ መንገዱ ደኅንነትም መጠየቅ።

ለ/ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና እረኞች ማነጋገር። በግንቦት እንኳ የማይደርቀው ኩሬ የትኛው ነው? ዓሣ ሽቅብ ሲወጣ የሚታየው በየትኛው ወር ነው? እረኛ በየቀኑ ከብት የሚያጠጣበትን ውኃ ከማንም በላይ ያውቃል። ዓሣው በአማርኛም በኽምጣናም የሚጠራበት ስም መመዝገብ አለበት።

ሐ/ የሙቀት መለኪያ፣ የሜትር ገመድ፣ ሰዓት፣ ደብተርና እርሳስ መያዝ። ከእነዚህ ውስጥ የሙቀት መለኪያው ከመንጠቆው ይቀድማል።

መ/ ጉዞውን ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ማድረግ። በክረምት ከላይ የዘነበ ዝናብ ታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በድንገት ጎርፍ ሆኖ ስለሚደርስ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ መገኘት ለሕይወት ያሰጋል።

5. ወንዙን መለካት

5.1 ሙቀት። መለኪያውን በጥላ ሥር ባለ ፈሳሽ ውኃ ውስጥ ለሦስት ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። ልኬቱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ማለትም ከጧቱ 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ይወሰዳል። የጧቱ ልኬት ብቻ ያታልላል፤ ዓሣውን የሚገድለው የቀኑ 9 ሰዓት ሙቀት ነውና። እንዲሁም በጥር የተወሰደ ልኬት የግንቦትን ሁኔታ አያሳይም። ስለሆነም በሞቃቶቹ ወራት መድገም ግዴታ ነው።

5.2 ኦክስጅን። መሣሪያ ባይኖርም ከሙቀትና ከከፍታ መገመት ይቻላል። ውኃ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ከፍታ ሲጨምርም የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ እንዲሁ ይቀንሳል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በአየር የጠገበ ውኃ በአንድ ሊትር የሚይዘው እንደሚከተለው ነው።

በ10 ዲግሪ ሙቀት — 8.3 ሚሊግራም ገደማ
በ20 ዲግሪ ሙቀት — 6.7 ሚሊግራም ገደማ
በ25 ዲግሪ ሙቀት — 6.1 ሚሊግራም ገደማ

በባሕር ወለል ላይ ግን በ20 ዲግሪ 9.1 ሚሊግራም ይይዛል። የደጋ ዓሣ በሙቀት ጊዜ ፈጥኖ የሚጎዳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በተቋረጠ ኩሬ ውስጥ ቅጠልና እበት ሲበሰብስ ደግሞ ኦክስጅኑ ከዚህ በጣም ያነሰ ይሆናል።

5.3 የውኃ መጠን። ቀጥ ያለ 10 ሜትር የወንዝ ክፍል ተመርጦ ስፋቱና አማካይ ጥልቀቱ ይለካል። ከዚያም ደረቅ እንጨት ተጥሎ 10 ሜትሩን የሚጨርስበት ጊዜ ይያዛል። ለምሳሌ ስፋቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 0.2 ሜትር ቢሆንና እንጨቱ በ25 ሰከንድ ቢደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው። የታችኛው ውኃ ከላይኛው ስለሚዘገይ ውጤቱ በ0.8 ይባዛል። በዚህም መሠረት 2 × 0.2 × 0.4 × 0.8 = 0.128 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 128 ሊትር ይሆናል። ይኸው ልኬት በየወሩ ከተደገመ ወንዙ ለዓሣ ብቻ ሳይሆን ለመስኖም ምን ያህል እንደሚበቃ ያሳያል።

6. መንጠቆ መጣል፣ መመዝገብና መልቀቅ

ዓሣ ምግቡ ከላይ ስለሚመጣለት ፊቱን ወደ ወንዙ ምንጭ አዙሮ ይቆማል። ስለዚህ አጥማጁ ከታች ወደ ላይ መቅረብ አለበት። ጥላው በውኃው ላይ እንዳያርፍ፣ እግሩም ድንጋይ እንዳያንኳኳ ይጠንቀቅ። ፈጣኑ ውኃ ወደ ኩሬ የሚገባበት ቦታ፣ የትልቅ ድንጋይ ጀርባና የተሸረሸረ ዳር ሥር ዓሣ የሚያርፍባቸው ናቸው። ከጧቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው።

በእኛ ወንዞች ትራውት አይጠበቅም። የሚጠበቁት አገር በቀሎቹ ናቸው፤ ይኸውም በሳይንስ ላቢዮባርበስ የሚባለው ባለጢም ነጭ ዓሣ፣ በአገጯ ሥር ባለ መጣበቂያ ድንጋይ ላይ የምትጣበቀው ጋራ የምትባል ትንሽ ዓሣ፣ ዝቅ ባለው ሥፍራ ደግሞ አምባዛ ናቸው።

የመንጠቆው ጆሮ በጉጠት መደፈጥ አለበት፤ ያን ጊዜ ሥጋ ሳይቀድ ይወጣል። ዓሣው የሚያዘው በረጠበ እጅ ነው። ደረቅ እጅ የሚከላከልለትን ልጋግ ይገፈዋል። ጣት በስንጥቡ ውስጥ አይግባ። ርዝመቱ ከተለካ በኋላ ሆዱ ቀስ ተብሎ ሲዳሰስ እንቁላል ወይም ነጭ ፈሳሽ ቢወጣ ለመራባት ደርሷል ማለት ነው። ይህ ከታየ ማጥመዱ ወዲያው ይቁም፤ ቀኑና ቦታውም ይመዝገብ። ዓሣው ፊቱን ወደ ፈሳሹ አዙሮ ተደግፎ ይቆይና በራሱ ኃይል ሲዋኝ ይለቀቃል።

7. «ትራውት ይለቀቅልን» ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ

በግንቦት ከቀኑ 9 ሰዓት ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ የሚያልፍ፣ ወይም ፍሰቱ የሚቋረጥ፣ ወይም ጠጠሩ በደለል የተሸፈነ ወንዝ ለትራውት አይሆንም። ከሦስቱ አንዱ ብቻ መገኘቱ ይበቃል።

ወንዙ ሦስቱንም ቢያልፍ እንኳ ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ትራውት ሥጋ በል ነው። በዓለም ላይ እጅግ ጎጂ ተብለው ከተመዘገቡት 100 መጤ ዝርያዎች መካከል ቡናማውም ቀስተ ደመናውም ይገኛሉ። በሌሶቶ ተራሮች የተለቀቀው ትራውት በዚያ ብቻ የሚኖረውን ትንሽ የማሎቲ ዓሣ ለመጥፋት አደጋ አጋልጧል። እህል ያልተስማማ እንደሆነ በሚቀጥለው ዓመት ይተዋል፤ በወንዝ የተለቀቀ ዓሣ ግን ተመልሶ አይለቀምም። ዓሣ አጠቃቀምን የሚመለከት የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315/1995 መኖሩም መዘንጋት የለበትም። ማንም ማኅበር ሕይወት ያለው ዓሣ ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ከማዛወሩ በፊት ሥልጣን ያለውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ የእኛ ምክር ያለውን መጠበቅ ነው። ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጠጠራማ ገባሮች ይወጣል። በዚህ ጊዜ ተሰብስቦ በጠባብ ቦታ ስለሚገኝ ለመያዝ ቀላል ነው፤ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። በጣና ሐይቅ የሆነው ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ በኋላ በመራቢያው ወቅት በወንዞች አፍ ላይ መረብ ይዘረጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተደረገው የምርምር ክትትል የነጭ ዓሣው ክምችት ከግማሽ በላይ መቀነሱ ታወቀ።

8. መከልከል ያለባቸው

ሀ/ ከሐምሌ እስከ መስከረም በገባር ወንዞችና በወንዝ አፍ ላይ ማጥመድ፤

ለ/ የብርብራ ፍሬ ወይም የተባይ መድኃኒት በውኃ ውስጥ መጨመር። ይህ ትልቁንና ትንሹን፣ እጩንም ጭምር ይገድላል፤ የተባይ መድኃኒቱማ ለሰውና ለከብት መርዝ ነው፤

ሐ/ በበጋ የቀረችውን የመጨረሻ ኩሬ በመስኖ ጠልፎ ማድረቅ። በሚቀጥለው ክረምት ወንዙን የሚሞላው ዓሣ ዘር የሚገኘው በዚያች ኩሬ ነው።

ወደ ቆላው ተከዜ የሚወርዱ ደግሞ አዞና ወባ መኖሩን አይርሱ። ወገብ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ መቆም አይገባም።

9. ማጠቃለያ

በመጀመሪያው ጉዞ የሚመለሰው ደብተር ወንዙ የሚገኝበትን ቦታና ከፍታ፣ የጧትና የቀን ሙቀቱን፣ የውኃውን መጠን፣ ከድንጋይ ሥር የተገኙትን ነፍሳት፣ የተያዘውን ዓሣ ስምና ርዝመት፣ የማይደርቁትንም ኩሬዎች የያዘ መሆን አለበት። ይህ በአንድ ወንዝ ላይ ለአንድ ዓመት በየወሩ ከተሠራ ማኅበሩ የትኛውን ኩሬ እንደሚጠብቅ፣ በየትኛው ወር እንደሚያጠምድና በየትኛው እንደሚያቆም በራሱ ሊወስን ይችላል። የደብተሩ ቅጂ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሰጥ፤ ዋናው ግን በማኅበሩ እጅ ይቀመጥ።